ሁለት ስም ያለው ፍሬ

መጀመሪያ የተለወጠው የልጄ የላይኛው ከንፈር ነው። ከሂርና ወደ ጭሮ በሚኒባስ እየተመለስን ነበር። ሐናን ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም፤ ባለቤቴ ሰሚራ ጭን ላይ ተቀምጣለች። ከጎናችን የነበሩ እናት የተቆላ ኦቾሎኒ ከወረቀት እያወጡ ይበሉ ነበርና አንዷን ፈልፍለው ሰጧት። ነክሳ ተፋችው። ጥቂት ቆይታ አፏን ታክ ጀመር። ከንፈሯ ንብ የነደፋት መሰለ፤ አንገቷ ላይ ቀይ ሽፍታ ወጣ፤ ከዚያ አስመለሳት። መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ትውከቱን የመኪና ነው አልን። ሽፍታውን ግን መኪና አያመጣውም።

ጭሮ እንደደረስን ሆስፒታል ወሰድናት። ሐኪሙ የሆነውን ሁሉ ጠይቆን ሲያበቃ አዳዳ ደረሰች። አዳዳ የአባቴ እህት ናት፤ በኦሮምኛ አክስት ማለት ነው። እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ከእኛው ጋር ትኖራለች። እሷ የሰማችው የሐኪሙን የመጨረሻ ምክር ብቻ ነው።

"የምግብ አለርጂ ነው። ከእንግዲህ ለውዝ እንዳትቀምስ። የተቆላም፣ የተፈጨም። የሚቀጥለው ከዚህ ሊብስ ይችላል።"

ለማሳከኩ የሴትሪዚን ሽሮፕ አዘዘላት፤ ለውዝ መከልከሏንም ካርዷ ላይ ጻፈ።

ከግቢው ስንወጣ አዳዳ ሳቀች። "ለውዝ? ይቺ ልጅ የሀብታም በሽታ ነው እኮ ያመጣችብን! ጂዳ እያለሁ ማዳሟ ለውዙን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን ጡቷ ሥር ነበር የምትይዘው። እኛ ቤት ማን አስገብቶት!"

እኛም ሳቅን። አዳዳ ስትቀልድ መሳቅ ልማዳችን ነው።

ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ስለ በሽታው ስናወራ "ለውዝ" እንል ነበር። ገበያ ስንወጣ ኦቾሎኒ የምንለውን ፍሬ፣ በሽታ ሲሆን በሐኪሙ ቃል ጠራነው። ሆስፒታል የሰማነውን ቃል እንዳለ ይዘን መጣን። ከሰሚራና ከእኔ መካከል ይህ ለአዳዳ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

በክረምቱ ሐናን ጉንፋን ይዟት ከሳች። አዳዳ ሰሚራን ትቆጣት ጀመር። "በእናንተ እጅ ልጅቷ አጥንት ብቻ ሆና ቀረች! ተዉኝ፣ አጥሚት ልሥራላት።"

እኔ ሞባይል የምጠግነው በቤታችን የመንገድ ዳር ክፍል ነው። ሥራውን ያስተማረኝ የለም፤ የተበላሹ ስልኮች እየፈታሁ ለመድኩት። ያን ዕለት ከጓሮ የሙቀጫ ድምፅ ይመጣ ነበር። ዱቅ፣ ዱቅ፣ ዱቅ። ደስ የሚል ድምፅ ነበር። አክስቴ ለልጄ ምግብ እየሠራች ነው።

ከዚያ ሳል ሰማሁ። ደረቅ፣ ሻካራ ሳል። ገባሁ።

ሐናን አዳዳ ጭን ላይ ናት። ከንፈሯ አብጧል። አፏን ከፍታ ታለቅሳለች። ድምፅ የለም። ደረቷ ያፏጫል። ሽሮፑን ሰጠኋት። መለሰችው። ባጃጅ አስቆምን። መንገድ ላይ ከበደችኝ። ራሷ ክንዴ ላይ ወደቀ። ከንፈሯ አመድ መሰለ። ስሟን ጠራሁ። አልመለሰችም።

ሆስፒታል ስንደርስ ነርሱ ከእጄ ነጠቃት። አንድ ሰው "አድሬናሊን!" አለ። ታፋዋ ላይ ወጓት። ኦክስጅን አደረጉላት።

"ምን በላች?" አለች ተረኛዋ ሐኪም፣ ዓይኗን ከልጄ ሳታነሣ።

"አጥሚት፤ አጥሚት ብቻ፣" አለች አዳዳ።

"ምን ገባበት?"

"አጃ፣ ማሽላ፣ ኦቾሎኒ… ያወፍራታል ብዬ።"

"ለውዝ ተከልክላለች ይላል እኮ ካርዷ።"

"ለውዝማ የለበትም! ወላሂ የለበትም! በገዛ እጄ ነው የወቀጥኩት!"

ሐኪሟ ቀና አለች። "እናቴ፣" አለቻት ቀስ ብላ፣ "ኦቾሎኒ እኮ ነው ለውዝ።"

አዳዳ እጆቿን አየች።

አዳዳ ገለምሶ አጠገብ በኦሮምኛ አደገች፤ ወጣትነቷ ጂዳ ሰው ቤት አለቀ። አማርኛ ሦስተኛ ቋንቋዋ ነው። በዐረብኛ ለውዝ ሌላ ፍሬ ነው፤ አልሞንድ የሚባለው፤ ያ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚቆለፈው። ሐኪሙ እሱን የከለከለ መስሏት ነበር።

ሐናን ሁለተኛ መርፌ አስፈለጋት። ከዚያ ከንፈሯ ቀስ በቀስ ቀላ። በመጨረሻ "ቢሻን" አለች። ውሃ ማለቷ ነው። ድምፅዋ ተመልሶ ነበር።

ሐኪሟ በኋላ አስረዳችን። "አናፊላክሲስ ይባላል። ሽሮፑ ማሳከኩን ያስታግሣል እንጂ የሚዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም። ለዚህ ቀዳሚው መድኃኒት አድሬናሊን ነው። ከተሻላትም በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ዛሬ እዚሁ እንከታተላታለን።"

ቤት ስንመለስ ሙቀጫውን ከነዘነዘናው ከቤት አወጣሁት፤ ወንፊቱንም፣ የመቁያውን ምጣድም። ስለ አለርጂ ያገኘሁትን ሁሉ በስልኬ አነበብኩ፤ ያልገባኝን ለሐኪሟ ይዤ ሄድኩ፤ ምግብ ማብሰልም እንደ ስልኩ ሁሉ እየፈታሁ ተማርኩት። ገበያ የሚሸጥ ሽሮ ውስጥ ምን እንደተቀላቀለ ስለማይታወቅ አተሩን ቤት ለቅመን መፍጨት ጀመርን፤ የማሽላ ገንፎ በወተት፣ ስኳር ድንች በትንሽ ቅቤ፣ ምስርና ካሮት አንድ ላይ ቀቅዬ ሠራሁ። ሐኪሟ ምስርና አተር ከዚህ በፊት ሳይጎዷት የበላቻቸው ስለሆኑ ያለ ምክንያት እንዳንከለክላት ነግራን ነበር፤ ብዙ በከለከልን ቁጥር ልጅቷ ሌላ ጉዳት ያገኛታል።

ነገር ግን ሐናን አልበላም አለች። ማንኪያ ስታይ ጥርሷን ትገጥማለች። ድሮም ደስ ብሏት የምትበላው ከአዳዳ እጅ ነበር፤ አዳዳ ደግሞ ማድ ቤት አትገባም። ሐናን ዳቦ ይዛ ወደ እሷ ስትሮጥ እጇን ከኋላዋ ትደብቃለች። "እጄ ሐራም ሆኗል፣" ትለኛለች። ልጄ እየከሳች ሄደች። ሐኪሟ ክብደቷን አይታ "በዚህ መቀጠል አትችልም" አለችን።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ለአዳዳ በርጩማ ማድ ቤቱ በር ላይ አኖርኩላት።

"እጅሽን አልጠይቅሽም፣ አዳዳ። አፍሽን ብቻ ነው የምፈልገው። እኔ የማነሣውን ሁሉ በምታውቂው ቋንቋ በሙሉ ጥሪልኝ።"

"ምን ይሠራልሃል? ትምህርት ቤት ልትከፍት ነው?"

"ጥሪልኝ ብቻ።"

ዱቄቱን አሳየኋት። "ማሽላ፣" አለች፣ "ሚሺንጋ። ዱራ።" ወተቱን አነሣሁ። "ወተት። አናን። ሐሊብ።" ሐናን ከሰሚራ ጉያ ወጥታ መጣች። "አናን!" አለች። አዳዳ ሳታስበው ፈገግ አለች። "ሐሊብ በይ፣ አንቺ የገለምሶ ጥጃ!"

እንዲህ ሰነበትን። እኔ አበስላለሁ፣ አዳዳ ትጠራለች፣ ሐናን ትከተላለች። አንድ ቀን ስሞቹ ሲያልቁ ሐናን ዞራ አፏን ከፈተች፤ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ አዳዳ። አዳዳ እጇን ታጠበች። ደግማ ታጠበች። ቢስሚላህ ብላ ከገንፎው ቆረሰች። አጎረሰቻት። ሐናን ዋጠች፤ እንደገና ከፈተች።

ያችን ሐኪምና ልጄን ከእጄ የተቀበለውን ነርስ አላህ ዕድሜ ይስጣቸው። ያን ዕለት ሌላ ተሳፋሪ አስወርዶ የጫነንንም ባለ ባጃጅ።

ይህን የምታነቡ የእንዲህ ያለ ልጅ ወላጆች፣ ስም አትመኑ። ዕቃውን አሳዩ። እኔ አንዲት ኦቾሎኒ ከነቅርፊቷ በመድኃኒት ጠርሙስ ውስጥ አሽጌ ሐናን የማትደርስበት መደርደሪያ ላይ አስቀምጫለሁ፤ ልጄን ሊያበላ ለሚፈልግ ሁሉ፣ ከገለምሶም ከቦርደዴም ለሚመጣ እንግዳ፣ አውርጄ "ይህ ነው፤ እናንተ ምን ትሉታላችሁ?" እላለሁ። ልጁ ከተነፋነፈና ከሳለ፣ ድምፁ ከጠፋ ወይም ከዛለ፣ ሽሮፕ እስኪሠራ አትጠብቁ፤ ወደ ሐኪም ሩጡ።

ሐናን ደኅና ናት። ግን ጎረቤት በሙቀጫ ሲወቀጥ እጄ ሥራ ያቆማል። ምግብ በቀረበ ቁጥር ከመጀመሪያው ጉርሻ በኋላ ቤታችን ጸጥ ይላል። ትውጣለች። ሁላችንም ከንፈሯን እናያለን። ከዚያ በስሟ እጠራታለሁ፤ "አቤት" እስክትለኝ።