የጽጌ እንግዴ ልጅ

ማክሰኞ ጠዋት ነበር... ማይክሮስኮፑ ላይ እንዳጎነበስኩ ቀረሁ።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ ለስኳር በቀበሌ ኩፖን የምንሰለፍበት። እኔ ያኔ አንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራ ነበር። አለቃዬ የነበሩት ዶክተር፣ ሴቶች ሲወልዱ የሚወጣው እንግዴ ልጅና እትብት ውስጥ ምን ያህል ስኳር እንደሚጠራቀም ያጠናሉ። ሰውነት ለክፉ ቀን የሚያስቀምጠው ስኳር ነው፣ ግላይኮጅን ይሉታል። የኔ ሥራ እንግዴ ልጁን በስሱ ቆርጦ ቀለም ውስጥ መንከር ነው። ስኳሩ ያለበት ቦታ ደማቅ ሮዝ ይሆናል።

የዚያን ቀኑ ከዳር እስከ ዳር ሮዝ ነው። ቁጥሩን ከመዝገቡ ጋር ሳስተያይ... የጽጌ።

ጽጌ አብሮ አደጌ ናት። ባገባች በዓመቷ ወለደች። እኔ ሰባት ዓመት በትዳር... ምንም። ቀኑን ሙሉ የሰው እንግዴ ልጅ ስቆርጥ ውዬ ባዶ ቤት እገባለሁ። ልጇ ደግሞ ሲወለድ ጀምሮ ግዙፍ ነው፣ ያየው ሁሉ ያደንቀዋል። ከዚያች ማክሰኞ በፊት ባለው እሁድ አፍንጮ በር ሰፈር ቤቷ ልንጠይቃት ሄደን፣ ባለቤቴ አንዴ ከታቀፈው አልመልስ አለ። እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

እንዲህ ስኳር የበዛበት እንግዴ ልጅ ስኳር በሽታ ካለባት እናት ሊሆን እንደሚችል ዶክተሩ ነግረውናል። ወዲያው መናገር ነበረብኝ። ቁራጩ ያረፈበትን መስታወት፣ ስላይዱን፣ ሳጥን ውስጥ ከትቼ ዝም አልኩ። በልቤ ያልኩትን ልንገራችሁ... «እሷም አንድ ነገር ይጉደልባት» ነው ያልኩት።

ዓርብ ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ በነጽጌ በኩል አልፎ ኖሯል። ከስታለች፣ ውሃ በጆግ እየጠጣች አልረካ ብላለች፣ አማቷ ግን «ስለምታጠባ ነው» ይላሉ ብሎ ነገረኝ። እራቴን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ቅዳሜ በጠዋት ስላይዱን ለዶክተሩ አሳየሁ። ዛሬውኑ ትምጣ አሉ። ከራስ መኮንን ድልድይ ሽቅብ እየሮጥኩ ሄጄ ያየሁትን ነገርኳት።

«መቼ ነው ያየሽው?» አለችኝ።

«ማክሰኞ።»

ከዚያ ሕፃኑን አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«ያዢልኝ፣ ልልበስ።»

ደሟ ሲታይ ስኳሩ በጣም ከፍ ብሏል። አስተኝተው ኢንሱሊን ጀመሩላት፣ ተሻላት። ትንሽ ብትዘገይ ራሷን ትስት ነበር አሉ ዶክተሩ። ቶሎ ስላየሁት እሷ ፊት አመሰገኑኝ። ጽጌ ቀና ብላ አየችኝ።

ዛሬ ልጇ የልጆች አባት ነው፣ እኛም እንጠያየቃለን። አራቱን ቀን ለምን ዝም እንዳልኩ ግን አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም... ምነው በጠየቀችኝ።