ስልክ አልይዝም ያሉት መምህር

ባለፈው ሳምንት ከመርሳ ገበያ ማንጎ ገዝቼ ስመለስ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ተንቀጠቀጠ። የቅሬያችን፣ የሰፈር እድራችን፣ መልእክት ነው፤ አንዲት የሰፈራችን አሮጊት አርፈዋል ይላል። "አላህ ይዘንላቸው" ብዬ ስልኩን መለስኩና መንገዴን ቀጠልኩ። ቤት ገብቼ ማንጎውን ሳጥብ ነው ከወንዙ ማዶ ጡሩንባ የተነፋው። ያኔ እጄን አደራርቄ ጋቢዬን አነሳሁ። ልጄ "አባዬ፣ ቅድም በስልክ ሰምተህ የለም እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ። እሷ ምን ታውቃለች! እኔና ጡሩንባ የቆየ ነገር አለን።

ያኔ ገና ትዳር ያልያዝኩ ጎረምሳ ነበርኩ። መርሳ መናኸሪያው አጠገብ ጽሑፍ የምጽፍበት፣ ፎቶ ኮፒ የማነሳበት ጠባብ ሱቅ ነበረኝ። ኮምፒውተር ያስተማሩኝ መምህር ታደለ ናቸው፤ ወልድያ እያስተማሩ መርሳ የሚኖሩ፣ በኛ አገር "ክፍት ፕሮግራም" የሚባለውን እንቅስቃሴ የጀመሩ ሰው። ነገሩ ቀላል ነው። የአንድ ፕሮግራም ውስጡ ለሁሉም ይታይ፣ የፈለገ ይገልብጠው፣ ያወቀ ያሻሽለው፣ ማንም አይቆልፍበት ይላሉ። ራሳቸው የሠሩትን የአማርኛ መጻፊያ ለመጣ ሁሉ በፍላሽ ያድሉ ነበር። ከወልድያም ከሲሪንቃም ወጣቱ እየመጣ ይወስዳል። እስከዚህ ድረስ የሚጠላቸው አልነበረም።

ችግሩ አፋቸው ነው። ሰው ተሰብስቦ ካዩ ሳይናገሩ አያልፉም። በተማሪዎች ምረቃ ላይ፣ ፕሮግራም ሻጮቹ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ሳለ፣ "ቆልፎ የሚሸጥ ሰው ሌባ ነው" አሉ። በወላጆች ስብሰባ ላይ ደግሞ ስልክን "ከፍላችሁ የምትሸከሙት ሰላይ" ብለው አረፉት። ራሳቸውም አይዙም። አንዱ አብደዋል አለ፤ ሌላው የሚደብቁት ነገር ቢኖር ነው አለ። የባጃጅ ሹፌሮች ሳይቀሩ "መምህር፣ ቁጥርዎን ይስጡኝማ!" እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። እሳቸው ጥንቅሻቸውን እያኘኩ ፈገግ ብለው ያልፋሉ።

ቅሬ በኛ አገር እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ላይ የሚገባበት የሰፈር ማኅበር ነው። ሰው ሲሞት ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ሐዘንተኛውን ያበላል። ሞት የሚነገረው በጡሩንባ ነበር። ነፊያችን አርጅተው እግራቸው ሲደክም ግን እኔ አንድ ሐሳብ አመጣሁ፤ አንዴ ሲነኩት ለአባላቱ ሁሉ መልእክት የሚልክ፣ አንድ የውጭ ኩባንያ የሠራው ፕሮግራም። የቅሬው ዳኛ ሼህ ይማም ስልክ ላይ ስጭነው ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ሰው ሁሉ ሲመርቀኝ መምህር ታደለ ቅሬው ከሚሰበሰብበት ዋርካ ሥር ብድግ አሉ።

"የቅሬውን ቃል በማናውቀው ሰው እጅ አስቀመጥነው። ባለቤቱ የዘጋው ቀን ቅሬ የለንም።"

"ታዲያ ያንተን ፕሮግራም አምጣልና!" አሉ ሼህ ይማም።

"የለኝም። ጡሩንባ አለ።"

ስብሰባው በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም፤ ከፍቶኝ ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ የሼህ ይማም እህት አረፉ። እስላም ሬሳ አያሳድርም፤ መልእክቱ ጧት ተላከ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ ቀብሩ አለቀ። መምህሩ ጓሯቸው ውስጥ ፓፓያ ሲኮተኩቱ ውለው ማታ ነው የሰሙት። ሮጠው ሄደው ቢያለቅሱም የሼሁ ልብ አልተመለሰም። ደግ ሰው ናቸው፤ ግን እህታቸው ነበረች። በሚቀጥለው ስብሰባ ፍርድ ሰጡ። "እስከ መስቀል ስልክ ያዝ። አለዚያ ከቅሬው ትወጣለህ።"

ቀልድ አልነበረም። መምህሩ ቤት ውስጥ እናታቸው እማማ ጥሩዬ አልጋ ከያዙ ቆይተዋል። ከቅሬ የወጣ ሰው ሬሳ ማን ያነሳለታል? ሄጄ ለመንኳቸው። "ለእማማ ሲሉ እንኳ አንድ ተራ ስልክ ይያዙ። ዘግተው ያስቀምጡት።"

"ሰይድ፣ እናቴን የሚቀብራት ሰው ነው ወይስ ስልክ?" አሉኝ። ድርቅናቸው አናደደኝ፤ ለእማማ ደግሞ ፈራሁ።

መስቀል ሳይደርስ የሰሜኑ ጦርነት እኛ ደጅ ደረሰ። ነሐሴ ነበር፤ ጭቃው ከአስፋልቱ ዳር እስከ ጉልበት ይውጣል። መብራት ጠፋ፣ ኔትወርክም ተከተለው። ገሚሱ ሰው ሸሸ፤ የቀረው በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። ያ የምኮራበት ፕሮግራም ቻርጅ ካለቀ ስልክ ጋር ሼህ ይማም ኪስ ውስጥ ቀረ። በዚያ ሰሞን አንድ ሸማኔ ጎረቤታችን ሞቱ። ጉድጓዱን የቆፈርነው እኔና ልጆቻቸው ብቻ ነን። የማዶው ሰው በማግስቱ ሰምቶ እያፈረ መጣ። ሼህ ይማም መቃብሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው፣ "ለካ ቅሬ የለንም" አሉ። ያ ቃል የማን እንደነበር ሁላችንም አስታወስን።

ቀጥሎ ሰው ሲሞት መምህር ታደለ ጎህ ሲቀድ በሬን አንኳኩ። የቅሬው ዕቃ ቤት ቁልፍ እኔ ዘንድ ነበር። ጡሩንባውን ከድንኳኑ ሥር አወጡት፣ አቧራውን በጋቢያቸው ጠረጉት፣ ነፉት። ድምፁ የታመመ ጥጃ ይመስል ነበር። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ የታጠቁ ልጆች አስቆሙን። "ለማን ነው ምልክት የምትሰጠው?" አለ አንዱ፣ መሣሪያውን አዙሮ።

"ሰው ሞቷል ልጄ። ቅሬ እየጠራሁ ነው።"

ልጁ ጡሩንባውን አየ፣ እሳቸውን አየ። "እኛም አገር ይነፋል" አለና መንገዱን ለቀቀልን። የማን ልጅ እንደሆነ አላውቅም። እስከ ዛሬ ግን በዱዓዬ አስበዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ ሞት በመጣ ቁጥር የሚነፉት መምህሩ ሆኑ። መስቀል ያለ ደመራ አለፈ። ስለ ቀጠሮው ማንም ትንፍሽ አላለም፤ ይቅር ተብሏልም ያለ የለም። ሼህ ይማምና መምህሩ ከሰላምታ ያለፈ አይነጋገሩም ነበር።

እማማ ጥሩዬ ያረፉት የማሽላ እሸት ሲደርስ ነው። ዕድሜያቸውን ጠግበው፣ ልጃቸው ያጎረሷቸውን እሸት እያላመጡ ነበር አሉ። ውኃ ልቀዳ ስወጣ መምህሩን በራቸው ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ጡሩንባው እጃቸው ላይ ነው። በኛ ልማድ ሐዘንተኛ ለራሱ ሰው አይነፋም፤ እሱ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል፣ ሌላው ይጠራለታል። እሳቸው ግን ሌላ ሰው ይኑራቸው አይኑራቸው አያውቁም። ልቀበላቸው እጄን ስዘረጋ ከኋላዬ የከዘራ ድምፅ ሰማሁ።

"ስጠኝ" አሉ ሼህ ይማም።

"ሼህ፣ ትንፋሽዎ አይችልም" አሉ መምህሩ።

"የቅሬው ዳኛ እኔ ነኝ። አንተ ግባና ለእናትህ አልቅስ።"

ከመስጊዱ በር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ፣ ከዛፍ ዛፍ እያረፉ፣ ከነፉት ያሳሉት እየበለጠ ጠሩ። "የመምህር ታደለ እናት አርፋለች! ቅሬ ውጣ!" በሩን የዘጋው ከፈተ፤ ብርቱካን እርሻ ውስጥ የተሸሸገው ሳይቀር አካፋውን ይዞ ወጣ። ያን ያህል ሰው በከተማው መቅረቱን አላውቅም ነበር። ሴቶቹ ያቺኑ ያለቻቸውን በቆሎ ቀቅለው መጡ። መምህሩ ሕዝቡን ሲያዩ ልቅሷቸው መሐል ደስታ አየሁባቸው፤ እኔም ደስ አለኝ፣ በቀብር ደስ ይላል ከተባለ።

ኔትወርኩ ሲመለስ ዋርካው ሥር ተሰበሰብን። ሼህ ይማም "መልእክቱም ይላክ፣ ጡሩንባውም ይነፋ" ብለው ፈረዱ። መምህሩ ብድግ ብለው "ስልኩን በተመለከተ ግን..." ማለት ሲጀምሩ ሰው ሁሉ በአንድ አፍ "ተቀመጥ!" አላቸው። ተቀመጡ፤ እየሳቁ።

ሼህ ይማም ካረፉ ቆይተዋል። ለእሳቸውም መምህሩ ናቸው የነፉት። ዛሬም ስልክ አይዙም፤ ዛሬም በየስብሰባው ሰው ያስቀይማሉ። በብዙው ነገር አሁንም አልስማማቸውም።

ባለፈው ሳምንት ቀብሩ ላይ ጡሩንባውን በብብታቸው ይዘው አገኘኋቸው። ሽበታቸው አቧራ ለብሷል።

"ያ ሰላይህ ቀድሞ ነግሮህ ነበር አይደል?" አሉኝ።

"ነግሮኝ ነበር።"

"ታዲያ ምን አዘገየህ?"

አካፋውን ከአንዱ ጎረምሳ እጅ ተቀበልኩና፣ "እርስዎ እስኪጠሩኝ ነዋ" አልኳቸው።