ለሚካኤል ይድረስ የተባለው ደብተር

ገብረመድኅን በስደት አገር፣ ቤልትላይን በሚባል የከተማ ሰፈር ውስጥ የአንድ አሮጌ አፓርትመንት ጽዳት ሠራተኛ ነበር። አገሩ ሳለ የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ነበርና ብዕር ሲጨብጥ ሌላ ሰው ይሆናል። ይህን ያወቁለት ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት እንግሊዛዊት፣ ሚስ ዊኒፍሬድ ብቻ ናቸው። ባል የላቸው፣ ልጅ የላቸው፤ ያላቸው የተወለዱባት መንደርና የአጥቢያዋ ታሪክ ነው። ደወሉን ማን እንደሰቀለው፣ ማር ሊቆርጥ ሄዶ ቅዳሴ ያስታጎለው ቄስ ማን እንደሆነ፣ በወረርሽኙ ዓመት የተቀበሩትን ሕፃናት ስም ሳይቀር ያውቃሉ። ዓይናቸው ሲደክም እሳቸው እየነገሩት እሱ ይጽፍ ጀመር።

በፈረንጆቹ 1996 ነሐሴ ላይ ከመንደሯ ደብዳቤ መጣ። ምእመን ስላለቀ ቤተ ክርስቲያኑ ሊዘጋ ነው፤ የመጨረሻው ቅዳሴ በሚካኤል በዓል ይሆናል፤ ታሪኩ ከደረሰ በሕዝቡ ፊት ይነበባል ይላል። ሚስ ዊኒፍሬድ፣ ለሚካኤል እንዲደርስ አደራ አሉት። በሳምንቱ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረና ሆስፒታል ገቡ።

ገብረመድኅን አልቸኮለም። የዓመቱ ሚካኤል ኅዳር ነው። ከሥራ መልስ እየተቀመጠ በጥሩ ወረቀት ገለበጠው፤ የመልአኩን ስም በቀይ ቀለም። ጥቅምት እንደገባ ላከው።

ሚስ ዊኒፍሬድ በተሽከርካሪ ወንበር ተመለሱ። ገና በር ላይ፣ "ተነበበ?" አሉት።

"በዓሉ እኮ ገና ወር ይቀረዋል።"

ሚስ ዊኒፍሬድ ቀስ ብለው፣ በአገራቸው ሚካኤል የሚውለው መስከረም ላይ እንደሆነ ነገሩት። ገብረመድኅን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ዕድሜውን ሙሉ ታቦት ሲያጅብ ኖሮ፣ ሚካኤል ከአሥራ ሁለት ሌላ ቀን ይኖረዋል ብሎ አስቦ አያውቅም።

"ቀኑን ያልነገርኩህ እኔ ነኝ" አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከዚያ ወዲያ ጻፍልኝ አላሉትም።

ደብተሩ ተቀባይ አጥቶ፣ እንደታሸገ ተመልሶ መጣ።

ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን በረዶ ሲጥል ዋለ። ገብረመድኅን ነጠላውን በወፍራም ጃኬቱ ላይ አጣፍቶ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ።

"ዛሬ በእኛ ሚካኤል ነው" አላቸው።

ማሸጊያውን ቀደደና ቆሞ ማንበብ ጀመረ። የመንደሯን ስም ክፉኛ አበላሸው፤ ሚስ ዊኒፍሬድ አላረሙትም። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ማር ቆራጩ ቄስ ዘንድ ሲደርስ ግን እጃቸውን አነሡ።

"እሱን አታፍጥነው" አሉ። "እዚያ ላይ ሕዝቡ ይስቃል።"

ገብረመድኅን ገጹን ከመጀመሪያው አነበበላቸው። ከአጥቢያው ምእመን የሳቀች አንዲት ብቻ ነበረች።