ደጅ መውጣት ያበዛሉ

ይህን ነገር ባሌ አልሰማውም። መጋቢያችንም አልሰማም። ለጸሎት ስንበረከክ እንኳ ዙሪያውን እዞረዋለሁ እንጂ ስሙን አልጠራውም፤ «በማውቀውም በማላውቀውም በደሌ» እላለሁ። የማላውቀው ምን አለኝ? ሁሉንም አውቀዋለሁ። እናንተ ግን እኔን አታውቁኝም፤ ስለዚህ ከእነሱ በፊት ለእናንተ ልናገረውና አፌ ይልመደው።

የባሌን አባት ለሞት ያበቃኋቸው እኔ ነኝ። እንዲህ ስል መርዝ ወይም ጩቤ አታስቡ። በጨዋ አነጋገር ነው ያደረግኩት። ይህን ሳስበው እስከ ዛሬ ድረስ እደነግጣለሁ፤ ድንጋጤ እያደር ይለቃል ይባላል፤ እኔን አልለቀቀኝም።

የምንኖረው ቴፒ ነው። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። አማርኛ የእናቴ ቋንቋ አይደለም፤ ሚዛን ተፈሪ ከሰፈር ልጆች ጋር ስጫወት ያገኘሁት ነው፤ ምናልባትም ለዚህ ይሆናል እንደ ተውሶ ዕቃ ተጠንቅቄ የምይዘው። ከሁሉም በላይ ፈሊጣዊ አነጋገር ማስተማር ደስ ይለኛል። ልጆቹን «ይህ ቃል ላይ ላዩን ሲታይ ምን ይላል? በውስጡስ?» እያልኩ አፋጥጣቸዋለሁ። በዚህ ሥራዬ ነበር የምኮራው።

ባሌ ታምራት ማጂ ግብርና ቢሮ ነው የሚሠራው፤ መንገዱ ሲፈቅድለት ብቅ ይላል። አባቱ አባባ ገብሬ አብረውኝ ይኖሩ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው የፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡ፣ ጎረቤት ሲጣላ የሚጠሩ ሰው። አንጀታቸው ላይ ካንሰር ተገኘና ተቆርጦ ወጣ። ከዚያ ቤት ሆነው የሚውጡት ኪኒን ታዘዘ፤ ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ። መድኃኒቱን ከሐኪም ቤቱ ስንቀበል ነርሱ ታምራትን ሳይሆን እኔን እያየ ነበር የተናገረው፤ ማን እንደሚያስታምም ገብቶታል። «ይህ ኪኒን ሆድ ያውካል። ቀላል ከሆነ ቅባትና ወተት ይቅርባቸው፣ ውሃና በውሃ የሚበጠበጠውን ኦአርኤስ ደጋግመው ይጠጡ። ተቅማጡ ከበረታ ግን ኪኒኑን አቁሙና ወዲያው ደውሉልኝ። እንዳትንቁት። ተቅማጥ ብቻውን ሰው ይገድላል።»

ሰማሁ። ራሴን ነቀነቅኩ። አልነገሩኝም ማለት አልችልም።

መጀመሪያ አካባቢ ደህና ነበሩ። ከዚያ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ሱሪያቸው በጓሮ በኩል፣ ከቡናው ዛፎች ኋላ ታጥቦ ተሰጥቶ አገኘሁት። ራሳቸው ናቸው ያጠቡት። በሕይወታቸው ልብስ አጥበው የማያውቁ ሰው! በማግስቱም እንዲሁ። ምግብ ሳቀርብላቸው ዓይኔን ሳያዩ «ልጄ፣ ያየሽውን አይተሻል፤ እኔና አንቺ ብቻ እንወቀው» አሉኝ። «ልጆቼም አይስሙ፣ እዚህ የሚመጣው ሰውም አይስማ። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን ሆነ አታሰኚኝ።»

ምራትና አማት ነን፤ እንዲህ ያለ ነገር በመካከላችን አይነሳም። እሺ አልኳቸው። ግን በልቤ ነገ ለሐኪም ቤቱ ነርስ እደውላለሁ ብዬ ነበር። ይህን እንደ ማስተባበያ አትቁጠሩልኝ፤ ያሰብኩትን ሳይሆን ያደረግኩትን ነው የምናዘዘው።

ነርሱ ራሱ ቀደመኝ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሊጠይቋቸው መጥተው ሳሎኑ ሞልቶ ነበር። ሴቶቹ ቅቤ የጠጣ ገንፎና ወተት ይዘው መጥተዋል፤ አባባም ላለማስቀየም ቀምሰዋል፤ እኔም ዝም ብዬ አይቻለሁ። ስልኬ ጠራ። መጋቢው «ሐኪሙ ከሆነ ድምፁን ክፈቺው፣ እኛም እንስማ» አሉ። ከፈትኩት።

«አባት እንዴት ናቸው?» አለ ነርሱ። «ሆዳቸውስ?»

አባባ ገብሬ አዩኝ። ዓይናቸው ውስጥ ያለው ልመና ነበር፤ እኚያ ትልቅ ሰው እኔን ይለምኑኝ ነበር። እኔም ፈሊጥ አዋቂዋ ምን አልኩ?

«ደህና ናቸው፤ ደጅ መውጣት ብቻ ያበዛሉ።»

ደጅ መውጣት በእኛ ዘንድ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሰገራ ላለማለት የሚባል ነው። ሳሎኑ ውስጥ ያሉት ገብቷቸው እንደሆነ አላውቅም፤ ቢገባቸውም ለጨዋነት ያልሰሙ ይመስላሉ። ነርሱ ግን ልጅ ነው፤ ከሌላ አካባቢ የመጣ፣ አማርኛን እንደ እኔ ከሰፈር ልጆች ሳይሆን ከትምህርት ቤት ያገኘ። ቃሉን ላይ ላዩን ሰማው።

«ጎሽ! ይሄ ነው የሚፈለገው» አለ በደስታ። «ይንቀሳቀሱ፣ አየር ያግኙ፤ መተኛቱ ነው የሚጎዳቸው። በርቱ፣ ኪኒኑን እንዳያቋርጡ።»

ሰዎቹ «እሰይ! ጌታ ይመስገን!» አሉ። አንዲት እናት እልል አለች።

እንዳልተረዳኝ ገባኝ። በዚያው ቅጽበት ገባኝ። ስልኩን ይዤ ወደ ጓዳ መግባት እችል ነበር። «ወንድሜ፣ ተቅማጥ ማለቴ ነው» ለማለት ምን ያህል ትንፋሽ ይፈጃል? እኔ ግን «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ዘጋሁት። የሚያስደነግጠኝ ዝም ማለቴ ብቻ አይደለም፤ ስዘጋው ቅልል አለኝ። እፎይ አልኩ! አልዋሸሁም፣ የአባባን ነውር አላወጣሁም፣ ሐኪሙም ቀጥሉ ብሏል። ሰውየው ሳይረዳ የሰጠኝን ፈቃድ፣ እንዳልተረዳ እያወቅኩ ተቀበልኩት።

ሰዎቹ ሲሄዱ አባባ ገብሬ እጄን ይዘው «ተባረኪ» አሉኝ። ማታ ኪኒኑን በመዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ ሰጠኋቸው። ጉንጫቸው ሲሰረጉድ አየሁ። ግድግዳ ተደግፈው ሲሄዱ አየሁ። ጓሮ መመላለሳቸውን ያየችው ጎረቤቴ «አይዞሽ፣ በሽታው ተጠርጎ እየወጣላቸው ነው» ስትለኝ እንዳመንኳት ሆንኩ። አላመንኳትም። ተማሪዎቼን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት በዚያው ሳምንት አስተምሬአቸዋለሁ፤ አንዱ ልጅ ትርጉሙን አሳምሮ ሲመልስልኝ አጨብጭቡለት ብያለሁ። እንዲህ ያለች ሰው ነኝ።

አንድ ጠዋት መነሳት አቃታቸው። ምላሳቸው ደርቆ፣ ዓይናቸው ጎድጉዶ ነበር። መኪና ተለምኖ ሚዛን አደረስናቸው፤ ታምራትም ከማጂ ደረሰ። ሐኪሟ ቆዳቸውን ቆንጠጥ አድርጋ አየችና «ይሄ ተቅማጥ ከጀመራቸው ስንት ጊዜ ሆነ?» ብላ ጠየቀችኝ። ታምራት አጠገቤ ቆሞ ነበር።

«ትናንት ነው» አልኩ።

ይህኛው ፈሊጥ አልነበረም። ማንም ሊሳሳትበት የማይችል ቀጥተኛ ውሸት ነበር። አባባ ገብሬ ሰምተው ይሆን? ዓይናቸውን አልገለጡም። በዚያ ቀን ሳይመሽ አረፉ።

ድንኳን ውስጥ ሴቶቹ እያቀፉኝ «እንዲህ ያለች ምራት ለሁሉ ይስጥ» አሉ። እኔም «አሜን» አልኩ። ታምራት ደግሞ ለመጣው ለቀስተኛ ሁሉ «መድኃኒቱ ነው የገደለው፤ ባይጀምረው ይሻል ነበር» ይል ነበር። አላረምኩትም። ነገሩ ከአፍ ወደ አፍ ሄደና በቤተሰቡ ዘንድ የታወቀ እውነት ሆነ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ዝም ብዬ እኖር ነበር። ዘንድሮ ግን ሚዛን የምትኖረው የታምራት እኅት አስቴር ጡቷ ላይ ካንሰር ተገኘባት። ሐኪሞቹ መድኃኒቱን ቶሎ ጀምሪ አሏት። እሷ «አባቴን የገደለ ነገር እኔ ውስጥ አይገባም» ብላ እምቢ አለች። ታምራት ደገፋት። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ቅጠልና ጸሎት ይሻላል ሲባል እኔ መካከላቸው ተቀምጬ ነበር። የልጆች እናት የሆነችውን አስቴርን የኔ ውሸት ሊወስዳት እንደሆነ እያየሁ ያን ቀንም አልተናገርኩም።

ከዚያ በኋላ ግን እንቅልፍም ሥራም እምቢ አለኝ። ቅዳሜ ብቻዬን ወደ ሚዛን ሄድኩ። አስቴር ልብስ እያጠበች ነበር። ቆሜ ነገርኳት፤ ስልኩን፣ ኪኒኑን፣ «ትናንት ነው» ያልኩትን። እጇ አረፋ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ትጮኻለች፣ ትመታኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ቀስ ብላ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«አባቴን ውሃ ጠምቶት ነበር?»

ጠምቷቸው ነበር። ሰው ፊት እየተነሱ ላለመውጣት ብለው ውሃ መጠጣት ትተው ነበር። ብርጭቆውን ሞልቼ አስቀምጥላቸዋለሁ፣ ሞልቶ አነሳዋለሁ። ይህን ለአስቴር ነገርኳት። ተጎንብሳ አለቀሰች። ከዚያ «ለወንድሜ ራስሽ ንገሪው፤ እኔ አልሸከምልሽም» አለችኝና በሩን አሳየችኝ።

መድኃኒቱን እንደጀመረች ከሰው ሰማሁ። ለእኔ አትደውልም፤ ልክ ናት።

ታምራት ዓርብ ከማጂ ይመጣል። ምን እንደምለው ስለማመድ «ይቅር በለኝ» የሚለው መጨረሻው ላይ እየመጣ አስቸገረኝ። አወጣሁት። ደግ ሰው ነው፤ ይቅርታ ብጠይቀው ለአባቱ ማልቀሱን ትቶ እኔን ማባበል ይጀምራል። ያንን ከሱ አልወስድም። የሆነውን ብቻ እነግረውና ዝም እላለሁ።