በግራ ጠርዝ የሚሮጠው ትሬመይን

በአላባማ የአንዲት ትንሽ ኮሌጅ የአሜሪካ ፉትቦል፣ ኳሱ በእጅ የሚያዝበት ጨዋታ፣ ቡድን ወጌሻ ነበርኩ፤ የትሬመይን ፑግን ቁርጭምጭሚት አራት ዓመት በፋሻ አስሬያለሁ። ሥራው ኳስ መቀበል ነበር፤ ወርዋሪው ሲልክለት ሮጦ መያዝ። ከሜዳው ግራ ጠርዝ ከተነሳ የሚደርስበት አልነበረም። ወደ ቀኝ ያዞሩት ቀን ግን ኳሱ ከደረቱ እየነጠረ ይወድቃል።

"ቀኝ በኩል እባብ አለ እንዴ?" ይሉታል አሰልጣኝ ሃስኪንስ።

"አለ መሰለኝ፣ አሰልጣኝ።"

ይስቁና ወደ ግራ ይመልሱታል። ኳስ ሲመጣለት አንገቱን እስከ ትከሻው መጠምዘዙን ጉራ ነው እንል ነበር። በሦስተኛው ዓመት ስልሳ አንድ ኳስ ያዘ። ትልልቆቹ ቡድኖች መልማይ መላክ ጀመሩ።

በመጨረሻው ዓመት፣ በኅዳር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ኳሱን ይዞ ሲወድቅ የአንዱ ጫማ በሄልሜቱ ፍርግርግ ገብቶ የቀኝ ቅንድቡን ተረተረው። ሮጬ ደረስኩና ፎጣ ጫንኩበት።

"ተነስ፣ ወንበር ጋ እንሂድ።"

ተነሳና ወደ ተጋጣሚዎቻችን መራመድ ጀመረ። ክንዱን ያዝኩት።

"ወዴት ነው? ወንበሩ በዚህ ነው።"

"ይምሩኝ፣ ሚስተር ኦዜል። ጨለማ ነው።"

"ግራህ ክፍት ነው እኮ።"

ጣቴን በግራ ዓይኑ ፊት አወዛወዝኩ። ሽፋሽፍቱ እንኳን አልተነቃነቀም።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከስምንት ዓመቴ። ለእናቴ አይንገሯት።"

በየዓመቱ ዓይኑን እንመረምረው ነበር። ቀኝህን ሸፍን ሲባል ጣቶቹን ትንሽ ከፈት አድርጎ በዚያው በቀኙ ያነብ ኖሯል። ውጤቱን የምጽፈው እኔ ነበርኩ።

ወደ መልበሻ ክፍሉ ወስጄው ለቡድናችን ሐኪም ነገርኳት። መብራት አብርታ አየችውና ወደ እኔ ዞራ፣ "አያይም" አለች። አሰልጣኙ ግድግዳውን ተደገፉ። "ቀኝ ሳቆመው ኳሱ በማያየው በኩል ነበር የሚመጣለት፤ በዚህ ልጅ ላይ ስንት ጮህኩበት" አሉ።

እናቱ ሚስስ ቨርሊንና ታላቅ ወንድሙ ላቮን ከተመልካቾች መካከል ወርደው የገቡት ይኼኔ ነው። ሐኪሟ ነገረቻቸው። ያለቅሳሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ሚስስ ቨርሊን የልጃቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው፣ "የቱ ነው?" አሉ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አላወቁም።

"ግራው፣ እማዬ። ኳስ መትቶኝ አብጦ ነበር፣ በረዶ ያዝሽልኝ። እብጠቱ ሲጠፋ ዳነ አልሽ። ብርሃኑ ግን ቀስ በቀስ ሄደ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

ትሬመይን ፊቱን ወደ ወንድሙ አዞረ። ላቮን ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። "የወረወርኩት እኔ ነኝ" አለ። "አባዬ ቢሰማ ይገድለኝ ነበር። ይሄ ልጅ ዓይኑ መጥፋቱን ለእኔም አልነገረኝም።"

የቀሩትን ሁለት ጨዋታዎች እንዲጫወት አልፈቀዱለትም። መልማዮቹም ስልክ መደወል አቆሙ። በዚያ ክረምት ላቮን ከአንዱ ስፔሻሊስት ወደ ሌላው አመላለሰው። የመጨረሻው፣ "በመጀመሪያው ሳምንት ብታመጡት ይተርፍ ነበር" አሏቸው። ላቮን ወጥቶ መኪናው ውስጥ ገባ።

ትሬመይን ዛሬ በሰፈሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኳስ ተቀባዮችን ያሠለጥናል። ባለፈው መኸር ሄጄ አየሁት። ላቮን በግራው ቆሟል፤ ከዚያ በኩል ሰው ሲመጣ በክርኑ ነካ ያደርገዋል።