ለሞት ሁለተኛ ምስክር

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ሲያቅተኝ «ጸሐፊ ነኝ» እላለሁ። ካምፓላ ውስጥ ያለ ሐበሻ ወይ ይነግዳል ወይ ምግብ ቤት ይከፍታል፤ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የሰው ስም የሚያጸዳ ሰው ለማን ይገባዋል? አንድ የአገሬ ልጅ ነገሩን በትዕግሥት ካስረዳሁት በኋላ «ታዲያ ስሙን በምንድን ነው የምታጥቢው?» ብሎኛል። ከዚያ ወዲህ ጸሐፊ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አገር ቤት ጦርነት ባለበት አካባቢ የኛ ድርጅት ለተቸገሩ ቤተሰቦች በየወሩ ጥሬ ገንዘብ ያከፋፍላል። እህል ተጭኖ እስኪደርስ መንገድ ይዘጋል፤ ገንዘብ ግን ገበያ እስከቆመ ድረስ ይሠራል። ገንዘቡ እንዲሄድ ደግሞ ዝርዝር ያስፈልጋል፤ ማን ነው፣ ስንት ልጅ አለው፣ የት ተጠልሏል። እዚያ ያለው ቢሮ ኔትወርክ ሲቋረጥበትና ተኩሱ ሲቀርበው ዝርዝሩን የመያዝ ሥራ ወደ ካምፓላ ተዛወረ፤ እኔም አማርኛ አንብቤ በእንግሊዝኛ የምጽፍ ስለሆንኩ ተቀጠርኩ። ሁለቴ የተመዘገበውን አንድ አደርጋለሁ፣ የተፈናቀለውን አዲሱ ቦታው ላይ አስገባለሁ፣ የሞተውን አወጣለሁ።

ቢሯችን ቡጎሎቢ በሚባል ሰፈር፣ የመኖሪያ ፎቆች መሀል ያለ አፓርታማ ነው። የኔ ክፍል የሰው መኝታ ቤት የነበረ ነው፤ ቁም ሳጥኑ አሁንም አለ፣ ውስጡ ግን ገመድና የተበላሸ ኪቦርድ ነው ያለው። ስልካችንን በር ላይ ትተን እንገባለን። ዝርዝሩ ከዚያ ክፍል አይወጣም፤ ያየነውን ለማንም እንዳንናገር ስንቀጠር ፈርመናል። ጦርነት ባለበት አገር የማን ባል የት እንዳለ፣ ማን ቤት ስንት ጎረምሳ እንዳለ የሚናገር ዝርዝር የሚፈለገው ለእርዳታ ብቻ አይደለም። እኔ ደግሞ በተፈጥሮዬ ሥርዓት አጥብቄ እይዛለሁ፤ እናቴ «ገታራ» ትለኝ ነበር። ለዚህ ሥራ ገታራ መሆን ጥሩ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ደጅ ወጥቼ ሮሌክሴን፣ ያችን በቻፓቲ የተጠቀለለች እንቁላል እየበላሁ፣ ዛሬ የስንት ቤት ነገር ተስተካከለ ብዬ ሳስብ ደስ ይለኛል። ሥራዬን እወደዋለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ኪሱጉ የሚባል ሰፈር እሄዳለሁ። እዚያ መጋረጃ የምትሰፋ ጓደኛ አለችኝ፤ በዕድሜ ትንሽ ትበልጠኛለች፣ በአፍ ደግሞ ብዙ። ስሟን አልጠራም፤ ይህንንም የምጽፈው እሷም እናቷም ስለፈቀዱልኝ ነው። ሱቋ ውስጥ ከስፌት መኪናዋ በላይ የእናቷ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ግንባራቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት ያለባቸው፣ ፎቶ አንሺውን የሚቆጡ የሚመስሉ ሴትዮ ናቸው። ከሳቸው ሌላ ዘመድ የላትም፣ እሳቸውም ከሷ ሌላ ልጅ የላቸውም። አካባቢው ኔትወርክ ካጣ ጀምሮ ድምፃቸውን አልሰማችም። በየጠዋቱ ትደውላለች፤ ያቺ የስልክ ሴትዮ ደንበኛው አይገኙም ስትላት «እሺ፣ ነገ» ብላ ትመልስላታለች። የምትፈራው አንድ ነገር ነበር፤ እናቷ ሞተው እሷ እዚህ የሰው መጋረጃ ስትለካ፣ ወሬው ከወራት በኋላ በሰው በሰው እንዳይደርሳት።

የማጸዳው ዝርዝር የእናቷን ወረዳ እንደሚጨምር አታውቅም ነበር። ድሮ አንዴ የት የት እንደምንሠራ ጠይቃኝ መናገር አልችልም ብዬአት፣ ትንሽ ካኮረፈች በኋላ ዳግመኛ አላነሳችውም።

አንድ ሐሙስ ከዝርዝሩ ይውጡ የተባሉትን ሰዎች አንድ በአንድ እያየሁ ሳለ ያ የግንባር መስቀል ስክሪኑ ላይ መጣ። ፎቶው ሌላ ነው፣ ቁጣው ያው ነው። ስማቸውን ከነአባታቸው አነበብኩ፣ ቀበሌውን አነበብኩ። ከጎኑ «ሞተዋል» ይላል። ከሥሩ መዝጋቢዋ ማስታወሻ ትታለች፤ ቤታቸው ውስጥ የተገኙ አንዲት አሮጊት መሞታቸውን እንዳረጋገጡ፣ ፍትሐትም እንደተደረገ። ተነስቼ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩት፣ ዘጋሁት፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ለጓደኛዬ መንገር አልችልም። ፊርማው አንድ ነገር ነው፤ ፊርማው ባይኖርም ወጉ አለ። በኛ አገር መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሰው ይመረጣል፣ ነጠላ ይለበሳል፣ ጎህ ሳይቀድ ተሰብስቦ በር ይንኳኳል። የሰው እናት ሞት ቅዳሜ ከሰዓት በሻይ መሀል ከአፍ የሚወድቅ ነገር አይደለም። ደግሞስ ስህተት ቢሆን? ሥራችን ላይ ለዚህ የሚሆን ደንብ አለ፤ ሞት የተባለ ሁሉ በሌላ ሰው ዳግም ሳይጣራ ከዝርዝሩ አይወጣም። ለሞት ሁለተኛ ምስክር ያስፈልጋል። እንደ ማንኛውም ሰው የማጣሪያ ጥያቄውን ላክሁ፤ ከወትሮው የተለየ አንድ ቃል እንኳ አልጨመርኩም። ገታራነቴን የጠላሁት ያን ቀን ነው።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና ቅዳሜ ዕለት ኪሱጉ ሄጄ እንደ ወትሮዬ ለመጫወት ሞከርኩ። ፎቶውን ላለማየት ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ጓደኛዬ ግን ዓይኗ እንደ መርፌዋ ነው። ባል ላገባ ነው ወይስ ከሥራ ልባረር እንደሆነ ጠየቀችኝ። ራሴን አሞኛል አልኳት። ከማሽኑ ሳትነሳ ስለ እናቷ ታወራልኝ ጀመር፤ ጦርነቱ ሲያበቃ እዚህ አምጥታ ማቶኬ ስታቀርብላቸው ምን እንደሚሉ። ያልበሰለ ሙዝ ቀቅለሽ ለሰው ታበያለሽ ወይ ይሉኛል አለች፣ በእናቷ ድምፅ። ሳቅሁላት፤ ከዚያ በቦዳ፣ በሞተር ብስክሌት ታክሲው ላይ፣ ሜንጎ ቤቴ እስክደርስ አለቀስኩ። ነጂው መንገዱ አስፈርቷት ነው ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ ፍጥነቱን ቀነሰልኝ።

መልሱ የመጣው አንድ ዓርብ ነው። አጣሪያችን የቀድሞ መምህር ናቸው፤ ሪፖርታቸውን እንደ ድርሰት ነው የሚጽፉት፣ ሌላ ጊዜ በዚህ እናደድባቸዋለሁ። ያን ቀን ግን እያንዳንዷን ቃል ሁለት ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ቤቱ ሲደርሱ ደጃፍ ላይ ቆብ የጫኑ አንዲት እማሆይ ጥጥ ሲፈትሉ አገኙ። የቤቱን ባለቤት በስማቸው ጠየቁ። እማሆይ ቀና ሳይሉ «እሷማ ሞታለች» አሉ። መምህሩ መቼ እንደሆነ ጠየቁ፤ እማሆይ በዓሉን ጠርተው ነገሯቸው። የት እንደተቀበሩ ሲጠይቁ ግን እማሆይ እንዝርቱን አስቀምጠው «ገና አልተቀበረችም» አሉ። መምህሩ ደነገጡ። ያኔ ነው ፎቶውን አውጥተው የእማሆይን ግንባር ያዩት።

«እማሆይ፣ ይህች ሴት እርስዎ ነዎት?»

«ነበርኩ» አሉ እማሆይ።

ለካ መንኩሰዋል። የሚመነኩስ ሰው ለዓለም ሞቷልና እንደ ሬሳ ተገንዞ ይተኛል፣ የሙታን ፍትሐት ይደገምለታል፣ ሲነሳ በሌላ ስም ነው የሚነሳው። የመጀመሪያዋ መዝጋቢ ከተማ ያደገች፣ ሃይማኖቷም ሌላ የሆነ ልጅ ናት፤ በአሮጌው ስም ስትጠይቃቸው የሆነውን ነገሯት። አንድ ቃል አልዋሹም። ልጅቷም «ነፍስ ይማር» ብላ ወጣች፤ እማሆይም አሜን ብለዋታል።

ይህን አንብቤ ጮክ ብዬ ስስቅ አለቃዬ ከወዲያኛው ክፍል መጣች። ኡጋንዳዊት ናት፣ ቁም ነገረኛ። ነገሩን ስተረጉምላት ሴትዮዋ አሉ ወይስ የሉም ብላ ጠየቀችኝ። እሱ እንደሚጠየቀው ሰው ይለያያል አልኳት። ፕሮግራማችን ላይ ሰው ከዝርዝር የሚወጣባቸው ምክንያቶች ተደርድረዋል፤ ሞት፣ ቦታ መልቀቅ፣ ድጋሚ ምዝገባ፣ አልፈልግም ማለት። መመንኮስ የለም። ብዙ ካሰበች በኋላ ለጊዜው በሕይወት አሉ በይ አለችኝ፤ እኔም በታላቅ ደስታ ጻፍኩ። እማሆይ ግን የሳቸው ተራ ቤታቸው ለተጠጋች ተፈናቃይ እናት ይሁን ብለው ነበር፣ ሟች ገንዘብ ምን ያደርግለታል ብለው። ተራ አይተላለፍም፤ ስለዚህ ተፈናቃይዋን በራሷ ስም መዘገብናት። እማሆይን ደግሞ መምህሩ ለጧፍ መግዣ ይሁንልዎት ብለው በስንት ልመና አግባቧቸው።

የቀረው የኔ ጉዳይ ነበር። ስለ አንድ ሰው ለቤተሰቡ የምንናገረው ባለቤቱ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ልጃቸውን እንደማውቃት ለአለቃዬ ነገርኳት፤ እሷም መምህሩ እማሆይን እንዲጠይቁ ጻፈች። ደህና መሆናቸው ለልጃቸው ይነገር ወይ? ምን ይባልላቸው?

መምህሩ ኔትወርክ የሚያገኙት ኮረብታ ላይ ወጥተው፣ ያውም ከንጋት በፊት ነው። የእማሆይ መልስ አለቃዬ ጋ ደርሶ፣ እሷ ወደኔ ስልክ የላከችው እሁድ ጎህ ሳይቀድ ነው። ሜንጎ ከጎረቤቶቼ፣ በዕድሜ ከገፉ ባልና ሚስት ጋር በመኪናቸው ቤተ ክርስቲያን ልንሄድ ደጅ ቆመን ነበር። መልእክቱን አንብቤ በኪሱጉ በኩል እንለፍ፣ ለአንድ ሰው የምነግረው ነገር አለኝ አልኳቸው። ጋሼ ምንም ሳይጠይቁ መኪናውን አዞሩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ እስክደርስ አላሰብኩትም።

በሩን አንኳኳሁ። ጓደኛዬ በሌሊት ልብሷ ከፈተች። እኔን አየች፤ ከኋላዬ ነጠላ የለበሱትን እትዬን፣ ጋቢያቸውን የደረቡትን ጋሼን አየች። ሰማዩ ገና አልነጋም። ምን እንደሚመስል የገባኝ ፊቷን ሳይ ነው።

«እማዬን» አለችና መሬት ላይ ወደቀች።

ደህና ናቸው፣ አልሞቱም እያልኩ ላነሳት ታገልኩ። መርዶ ነጋሪ መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ስለሆነ ጩኸቷ ባሰ። እትዬም ምስኪን፣ እኔ ምንም ስላልነገርኳቸው፣ እውነት መስሏቸው አብረው ያለቅሱ ጀመር። የግቢው ሰው ተሰበሰበ። የግቢው እመቤት፣ አከራይዋ፣ ሌሱ የሚሉትን ሽርጥ አገልድማ ወጥታ መሬት ላይ አጠገቧ ተቀመጠችና «ኪታሎ፣ ኪታሎ» እያለች በሉጋንዳ ታጽናናት ጀመር። ጓደኛዬ እናቷን በሙሉ ስማቸው እየጠራች፣ ደግነታቸውን፣ ቁጣቸውን፣ ብቻቸውን ያሳደጓትን እያነሳች አለቀሰች፤ ያን ያህል ጊዜ ሆዷ ውስጥ የከረመ ልቅሶ ነው። የምለውን የሚሰማኝ አጣሁ። መጨረሻ ላይ ተናደድኩና ስልኬን አውጥቼ ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ አነበብኩ።

«ልጄ፣ ቆብ ጭኛለሁ። ሳትመጪ እንዳልመነኩስ አስምለሽኝ ነበር፤ ጦርነቱ መች እንደሚያልቅ ስላላወቅሁ ነው፣ አትቀየሚኝ። ደህና ነኝ፣ ጉልበቴን ብቻ ያመኛል። ተገንዤ ተኝቼ ፍትሐቱ ሲደገምልኝ ስለ ነፍሴ ላስብ ሲገባኝ ያሰብኩት ስላንቺ ነው። ዓለምን ትቻለሁ፤ አንቺን መተው ግን አልሆነልኝም። ይህን ለንስሐ አባቴ አልነገርኳቸውም።»

ጓደኛዬ ቀና አለች። የመሐላውን ነገር ከሷና ከእናቷ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ድገሚልኝ አለችኝ፤ ደገምኩላት። ጋሼ ጋቢያቸውን አውልቀው ትከሻዋ ላይ ጣሉላት። የግቢው እመቤት ምን ተባለ ብላ ስትጠይቀኝ እናትየው በሕይወት አሉ አልኳት፤ ታዲያ ለምን እንደዚህ በጨለማ መጣችሁ ብላ ተቆጣችኝ፣ ደግ አደረገች።

ጓደኛዬ ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላዋን ለብሳ ከኛ ጋር መኪናው ውስጥ ገባች። ዓይኗ አብጦ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር። እትዬ ነገሩን ገና እያጣሩ፣ ፍትሐቱ በእውነት ተደርጓል ወይ ብለው ጠየቋት። አዎ፣ ተደርጓል አለች። ትንሽ መንገድ ከሄድን በኋላ ወደኔ ዞረች።

«የእናቴን ልቅሶ ደረስኩ ማለት ነው» አለችኝ። «እሷ በሕይወት እያለች።»