ጋሽ ከድር በጆሯቸው የተጫወቱት እባብ

ባለፈው ሳምንት የልጄን ላፕቶፕ ላሠራ ሃያ ሁለት ሰፈር ካለ ጠባብ የጥገና ሱቅ ገብቼ ወረፋ ስጠብቅ፣ ጠጋኙ ጀርባው ያበጠ አሮጌ ሞኒተር ሰክቶ ሲያበራው የሞቀ አቧራ ሽታ ሱቁን ሞላው፤ እኔም በቆምኩበት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሆኜ ሳሊተ ምሕረት ሰፈር፣ በጎረቤታችን በጋሽ ከድር ሳሎን፣ ዳንቴል ከለበሰው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጥኩ።

ጋሽ ከድር ዕድሜያቸውን ሙሉ ፕሮግራም ሲጽፉ ኖረው፣ ዓይናቸው ደክሞ ደክሞ ብርሃንና ጥላ ብቻ ሲቀርላቸው ሥራቸውን ትተው ቤት የዋሉ ሰው ነበሩ። እኔ ደግሞ በዚያ ዓመት ሒሳብ ወድቄ ሰው ፊት መቆም አፍር ነበር። ይህን ሲሰሙ፣ ከትምህርት ቤት መልስ እየመጣሁ ዓይን ብሆናቸው ሲ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ እንደሚያስተምሩኝ ለእናቴ ነገሯት። እናቴ በጣም ደስ ብሏት፣ ኤውንና ቢውን መቼ እንደምጨርስ ጠየቀቻቸው።

የጻፍኩትን መስመር በመስመር ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ፤ እሳቸው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጡና ከመስመር መጨረሻ የዘለልኩትን ሴሚኮለን የሚባል ምልክት ከአነባበቤ ያውቁታል። መጀመሪያ ቁጥር የሚያስገምት ጨዋታ ሠራን፤ ቀጥሎ በጥቁሩ ስክሪን ላይ እንደ ካፊያ የሚወርዱ ኮከቦች፤ ከዚያ እየበላ የሚረዝም እባብ። እባቡ ርዝመቱ ሃያ ሲሞላ ግን ስክሪኑ በማይነበብ ፊደል ይሞላና ኮምፒውተሩ ቀጥ ይላል። ደንቆሮነቴ በድጋሚ የተነገረኝ መስሎኝ አለቀስኩ። ጋሽ ከድር አላባበሉኝም።

«ያልሽውን ነው ያደረገው» አሉኝ። «ምን እንዳልሽው ፈልጊ።»

ሦስት ቀን ደብተሬ ላይ ሳጥን ስሥል ሰነበትኩ። ለእባቡ አካል ያዘጋጀሁት ሃያ ሳጥን ነው፤ ኮምፒውተሩ ከዜሮ ስለሚቆጥር የመጨረሻው ሳጥን ቁጥሩ አሥራ ዘጠኝ ሲሆን፣ እኔ ከአንድ ጀምሬ ሃያኛውን ከሌለ ሳጥን ውስጥ እከት ነበር። ሳስተካክለው ሠራ። ደስታዬን ላካፍላቸው ዞር ስል ግን ፊታቸው ወደ ስክሪኑ ሳይሆን ወደ ድምፄ ነበር፤ አብረን የሠራነውን አንድም ቀን አይተውት እንደማያውቁ ያን ጊዜ ገባኝ።

ስለዚህ ሳልነግራቸው ድምፅ ጨመርኩበት፤ እባቡ ወደ ምግቡ ሲጠጋ የሚቀጥን፣ ሲርቅ የሚወፍር ጢጥታ። ከዚያ ጣቶቻቸውን እባቡን በሚያዞሩት የቀስት ቁልፎች ላይ አኖርኩላቸው። ሁለቴ እባቡን ከጨዋታው ግድግዳ ጋር አጋጩት። በሦስተኛው አንድ በሉ፤ ቀጠሉና አራት አደረሱት። 

«ይህን እኔ አላስተማርኩሽም» አሉ እጃቸውን ከኪቦርዱ ሳያነሡ፣ ቀስ ብለው።

ዛሬ ቦሌ ካለ መሥሪያ ቤት ፕሮግራም እየጻፍኩ እኖራለሁ፤ ብዙ ሙገሳም ሰምቻለሁ፣ የዚያን ቃላቸውን ያህል የቆየልኝ ግን የለም። ጋሽ ከድር አርፈዋል፤ ግቢያቸው ላይ ፎቅ ቆሟል፤ እባቡን ያስቀመጥንበት ዲስክ የት እንደገባ የሚያውቅ ሰው የለም። በቀደም ምሳ ሰዓት ላይ እንደገና ጻፍኩት። ሥራው ከባድ አልነበረም። ጨርሼ ዓይኔን ጨፈንኩና ድምፁን ብቻ እየሰማሁ ተጫወትኩ፤ አንድም ሳልበላ ግድግዳ መታሁ፣ ደግሜም መታሁ። እሳቸው እንዴት እንደቻሉ ያኔ አልጠየቅኳቸውም፤ ልጅ ስለነበርኩ ቀላል መስሎኝ ነበር።